«ባለቤት» እና «ነዋሪ»፦ በመሬታችን ላይ የተጻፈው ቃል ይፋቅ!

(ከዝግጅት ክፍሉ፦ ከዚህ ቀጥሎ የምታነቡት የጋዜጣችን ተባባሪ ጸሐፊ በመተከል ዞን፣ በወንበራ ወረዳ፣ በደብረ ዘይት ከተማ ለተሰበሰቡ ነዋሪዎች ያደረገው ንግግር ነው። ነገሩ የወንበራ ብቻ ሳይሆን የሁላችንም ስለሆነ ሙሉ ቃሉን አትመነዋል።)



ንግግሬን ከስም ልጀምር። ይህ ቃሌ በጋዜጣ ሲወጣ የአዲስ አበባ አንባቢ «ደብረ ዘይት» የሚለውን ሲያይ ሐሳቡ ወደ ቢሾፍቱ፣ ወደ ሆራ ሐይቅና ወደ አየር ኃይሉ መሄዱ አይቀርም። የእናንተ ደብረ ዘይት ግን ከዓባይ በስተሰሜን ያለችው የወንበራዋ ናት። ሺናሻው፣ ጉሙዙ፣ ኦሮሞው፣ አማራውና አገው አብረው የሚገበያዩባት፣ ለብዙ ዘመን በጎጃም ክፍለ ሀገር ሥር የነበረችው፣ ዛሬ ደግሞ በቤንሻንጉል ጉሙዝ ክልል ውስጥ ያለችው ደብረ ዘይት ናት።

ያ አንድ ስም ሁለት ቦታ የያዘበት ነው። እኔ ዛሬ የመጣሁት ስለ ተገላቢጦሹ ልናገር ነው። አንድን ቦታ ይዞ በላዩ የሚኖረውን ሰው ለሁለት ስለሚከፍል ቃል ነው የምናገረው። ቃሉ «ባለቤት» ይባላል። የቃሉ ጥላ ደግሞ «ነዋሪ» ነው፤ ሰው ሲቆጣ «መጤ» ይለዋል።

«የኢትዮጵያ ዘር እዚህ አይኖርም»

ነገሩን ከራቀው ላምጣው። ከሩቅ ያዩት ነገር ራስን ለማየት ይረዳልና።

በአሜሪካ አገር፣ በዋሽንግተን ስቴት፣ ሲያትል የምትባል ከተማ አለች። ብዙ ወገኖቻችን ታክሲ እየነዱ፣ ሆስፒታል እየሠሩ፣ ሱቅ ከፍተው፣ ቤት ገዝተው የሚኖሩባት ከተማ ናት። በዚያች ከተማ ብሮድሙር የሚባል የሀብታሞች ሰፈር አለ። ሰፈሩ እ.ኤ.አ. በ1928 ለገዢ ሲከፋፈል በይዞታ ሰነዱ ላይ አንድ ገደብ ተጻፈ። ዕብራዊ፣ የማላይ ወይም የእስያ ዘር ያለው ሰው፣ እንዲሁም... ጉድ በሉ!... «የኢትዮጵያ ዘር» ያለው ሰው በዚህ መሬት ላይ እንዳይኖር ይከለክላል። ከዚህ ክልከላ ነጻ የሚሆነው የቤት ሠራተኛ ሆኖ የሚያገለግል ብቻ ነው። ልብ በሉ፤ ወጥ ለመሥራት ይፈቀድልሃል፣ ቤቱን ለመያዝ ግን አይፈቀድልህም።

በዚያን ጊዜ በሲያትል ስንት ኢትዮጵያዊ ነበረና ነው? ብላችሁ ብትጠይቁ ልክ ናችሁ። ሰነዱን የጻፉት ሰዎች ስለ አድዋም ሆነ ስለ አክሱም አያስቡም ነበር። ብሉመንባክ የሚባል የጀርመን ሊቅ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የሰውን ልጅ በአምስት ሲከፍል ጥቁሩን ሁሉ «ኢትዮጵያዊ» ብሎ ሰይሞት ነበርና፣ ስሙ ከመጽሐፍ ወጥቶ የቤት ካርታ ውስጥ ገባ። ሊቁ በመጽሐፍ የጻፈውን ነጋዴው ለማግለያ ተጠቀመበት ማለት ነው።

እንዲህ ያለው ገደብ በአንድ ሰፈር ብቻ አልነበረም፤ በየከተማው በሺህ በሚቆጠሩ ሰነዶች ላይ ተጽፏል። ሥራው ቀላል ነበር። የመጀመሪያው ሻጭ ይጽፈዋል፣ ገዢው ይፈርማል፣ ከዚያ በኋላ ቤቱ መቶ ጊዜ ቢሸጥ ገደቡ ከመሬቱ ጋር ይተላለፋል። ሰው ይሞታል፣ ቃሉ አይሞትም።

በሴንት ሉዊስ ከተማ ሼሊ የሚባል የጥቁር ቤተሰብ እንዲህ ያለ ቤት ገዝቶ ገባ። ጎረቤቶች ከሰሱት። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና እ.ኤ.አ. በ1948 ፍርድ ተሰጠ። ፍርዱን ልብ ብላችሁ ስሙት። «ሰዎች እርስ በርስ የፈለጉትን መጻፍ ይችላሉ፤ ፍርድ ቤት ግን የመንግሥት ክንድ ስለሆነ ያንን ለማስፈጸም እጁን ማንሣት አይችልም» የሚል መንፈስ ያለው ፍርድ ነበር። ይኸውም ቃሉ ጥርሱ ወለቀ እንጂ ከወረቀቱ አልወጣም። በ1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደለ በሳምንቱ የተፈረመው የመኖሪያ ቤት ሕግ መድልዎውን ራሱን ከለከለ። ቃሉ ግን አሁንም በየመዝገብ ቤቱ ተቀመጠ። ስለዚህ ዛሬ በሲያትል ቤት የሚገዛ ሐበሻ ወረቀቱን ገልጦ ሲያነብ «አንተ እዚህ አትኖርም» የሚል ጽሑፍ ሊያገኝ ይችላል!

ዋሽንግተን ስቴት ቤቱን የያዘው ሰው ወደ መዝገብ ቤቱ ሄዶ ያለ ክፍያ ገደቡ ዋጋ እንደሌለው የሚገልጽ ሰነድ እንዲያስመዘግብ ፈቀደ። በ2021 ዩኒቨርሲቲዎች መዝገቡን ሁሉ ፈትሸው እነዚህን ገደቦች እንዲያወጡ በሕግ አዘዘ። በ2023 ደግሞ በገደቦቹ የተጎዱ ሰዎችና ልጆቻቸው ቤት ሲገዙ የሚደገፉበትን ሕግ አወጣ። ገንዘቡ ከሰነድ ማስመዝገቢያ ላይ ከሚሰበሰብ ክፍያ እንዲመጣ ተደረገ። ክፋቱን የመዘገበው መዝገብ ቤት ካሣውንም እንዲሰበስብ ተፈረደበት ብትሉ አልተሳሳታችሁም።

ይህን ሁሉ የነገርኳችሁ አሜሪካንን ላመሰግን አይደለም። ሦስት ነገር እንድትይዙልኝ ነው። አንደኛ፣ በመሬት ላይ የተጻፈ ቃል ከጸሐፊው ዕድሜ በላይ ይኖራል። ሁለተኛ፣ ቃሉን ማድከም አንድ ነገር ነው፣ ማውጣት ሌላ ነው፣ የጎዳውን መካስ ደግሞ ሦስተኛ ነው። ሦስተኛ፣ ቃሉ እንዲወጣ መዝገቡን የሚያነብ ሰው ያስፈልጋል።

የኛስ ወረቀት?

ታዲያ እኛ አገር እንዲህ ያለ ጉድ አለ ወይ?

በኛ አገር ዛሬ መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። ሻጭ ከሌለ ደግሞ በሽያጭ ውል ላይ ገደብ የሚጽፍ ሰው የለም። ይሁንና ማግለሉ ከኛ ቤት ሩቅ ሆኖ አያውቅም። በደጋው አገር ሙስሊሙ ርስት አይወርስም ይባል ነበር። ቤተ እስራኤሎች ርስት ተነፍገው በእጅ ሥራና በሸክላ ኖሩ፤ የተጠሩበት ስም ራሱ ከመፍለስ የመጣ ነው ይባላል። ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ፋቂው መሬት ጠባብ ሆኖበት ኖረ። ይህ ሁሉ በወረቀት አልተጻፈም። በልማድ ተጻፈ፤ የልማድ ቀለም ደግሞ ከወረቀት ቀለም ይጠነክራል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት ዐዋጅ ይህን በአንድ ቀን ገለበጠው። መሬቱን ራሱ ለማረስ የፈለገ ሰው፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ እስከ 10 ሄክታር ሊሰጠው ይችላል አለ። ደርግ ብዙ ኃጢአት አለበት፤ ያችን አንድ መስመር ግን ሐቀኛ ሰው አይክዳትም። የገበሬው ስም «ባለርስት» ወይም «ጭሰኛ» መሆኑ ቀርቶ ገበሬ ብቻ ሆነ።

ከዚያ ኢሕአዴግ መጣ። ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው የፌዴራል ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የኢትዮጵያ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ነው አለ። በአንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ናቸው አለ። በአንቀጽ 32 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በመረጠው የአገሪቱ ክፍል ይኖራል አለ። በአንቀጽ 41 በፈለገው ቦታ ሠርቶ ይበላል አለ። እሰየው ነው! ወረቀቱ ላይ አንድም እንከን የለበትም።

የቤንሻንጉል ጉሙዝ ክልል በ1995 ዓ.ም. ያሻሻለው ሕገ መንግሥት ግን በአንቀጽ 2 ሌላ ነገር ጻፈ። በክልሉ ሌሎች ሕዝቦች መኖራቸው ቢታወቅም፣ የክልሉ ባለቤቶች በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞ ናቸው አለ። ባለቤትና ነዋሪ ተለያዩ። በመሬታችን ላይ የተጻፈብን ቃል ይህ ነው።

ፍርድ እንዳላጣምም አንድ ነገር ልጨምር። አንቀጹ «ሌላው መሬት አይያዝ» አላለም። «ሌላው ይውጣ» አላለም። ታዲያ ምን ክፋት አለው? ትሉኝ ይሆናል። ክፋቱ ከሕጉ አፍ ላይ ሳይሆን ከጽሕፈት ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ነው ያለው። የቀበሌው ሊቀመንበር፣ የመሬት ባለሙያው፣ የሚሊሻ አዛዡ ሕገ መንግሥት ከዳር እስከ ዳር አያነቡም። አንዲት ቃል ትበቃቸዋለች። «አንተ ባለቤት አይደለህም» ለማለት አንዲት ቃል ትበቃለች።

እስቲ ቁጥሩን እንየው። በ1999 ዓ.ም. የተደረገው የሕዝብ ቆጠራ በዚህ ክልል በርታ 26 በመቶ ያህል፣ አማራ 21 በመቶ ያህል፣ ጉሙዝም 21 በመቶ ያህል፣ ኦሮሞ 13 በመቶ ያህል፣ ሺናሻ ከ7 በመቶ በላይ፣ አገው 4 በመቶ ያህል መሆኑን አሳየ። ይኸውም ከ10 ሰዎች 4ቱ ያህል በሚኖሩበት፣ በወለዱበት፣ ሙታናቸውን በቀበሩበት ክልል «ባለቤት» ያልተባሉ ናቸው። ከቤተሰብ ውስጥ ግማሽ ያህሉ እንግዳ የሆነበት ቤት አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ምርጫና ቋንቋ

ቃሉ ከወረቀት ወጥቶ ሥራ ሲሠራ የታየው በ1992 ዓ.ም. ምርጫ ነው። በአሶሳ አካባቢ ለመወዳደር የተነሡ ሰዎች የአካባቢውን ብሔረሰብ ቋንቋ አትናገሩም ተብለው በምርጫ ቦርድ ውሳኔ ከውድድር ወጡ። ሰዎቹ አማርኛ ይናገራሉ። የክልሉ የሥራ ቋንቋ ደግሞ ራሱ አማርኛ ነው! ምክር ቤቱ በአማርኛ ይከራከራል፣ ፍርድ ቤቱ በአማርኛ ይፈርዳል፣ አማርኛ የሚናገረው ግን መመረጥ አይችልም ተባለ።

ሰዎቹ አልተኙም፤ አቤት አሉ። ጉዳዩ ለሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ቀረበ፤ ከዚያ ወደ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ሄደ። ምክር ቤቱ በ1995 ዓ.ም. በሰጠው ውሳኔ የቋንቋ መስፈርቱን አልሻረውም፤ ይሁንና መለኪያው የክልሉ የሥራ ቋንቋ እንጂ የብሔረሰቡ ቋንቋ አይደለም በማለት የቦርዱ እርምጃ ሕገ መንግሥቱን ይቃረናል አለ። በኋላ የወጣው የምርጫ ሕግም የሥራ ቋንቋን መለኪያ አደረገ።

ይህ ድል ነው ወይስ አይደለም? ለኔ ግማሽ ድል ነው። ውሳኔው የመጣው ምርጫው ካለፈ ከሦስት ዓመት በኋላ ነው፤ «ከሠርጉ በኋላ በርበሬ ቀንጥሱ» ይሏል ይህ ነው። ግን አንድ ትምህርት ጥሎልናል። ዝም ያላሉ ጥቂት ሰዎች በወረቀትና በፊርማ ብቻ፣ አንዲት ድንጋይ ሳይወረውሩ፣ የአገሪቱን ትልቅ ምክር ቤት አናግረዋል። በሩ ጠባብ ቢሆንም ተከፍቶ አይተነዋል።

«ቢሮክራት» የተባለው ገበሬ

ይህ በሽታ የቤንሻንጉል ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከዓባይ ማዶ የሚመጣ ሰው እዚህ «መጤ» ተባለ ብሎ ሲያለቅስ፣ በአማራ ክልል በራሱ ወገን የተደረገውን መርሳት የለበትም።

በ1989 ዓ.ም. የአማራ ክልል መንግሥት መሬት እንደገና አከፋፈለ። ክፍፍሉ ሲደረግ በደርግ ጊዜ በገበሬ ማኅበር ሹመት የነበራቸው «ቢሮክራት»፣ ከንጉሡ ዘመን ባላባት ጋር የተያያዙት ደግሞ «ቅሪት ፊውዳል» የሚል ስም ተለጠፈባቸው። ስም የተለጠፈበት ገበሬ ከ1 ሄክታር በላይ እንዳይዝ ተደረገ። ሌላው ግን እስከ 3 ሄክታር ሊይዝ ይችላል። የጎጃምና የሸዋ ገበሬዎች አቤት ለማለት አዲስ አበባ ድረስ በእግራቸውና በመኪና መጡ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም በሰልፍ ደገፏቸው። በዚያን ጊዜ የግል ጋዜጦች የጻፉትን ያነበበ ሰው ያስታውሳል።

እንግዲህ አስቡት። ሰውየው የገበሬ ማኅበር ጸሐፊ የነበረው አሥር ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ልጆቹ ምን አጠፉ? ሚስቱስ ምን አጠፋች? መሬቱ ሲቀነስ ግን የተቀነሰው ከሁላቸውም እንጀራ ነው። «ቢሮክራት» የሚለው ቃል በሲያትሉ ሰነድ ላይ ካለው ቃል የሚለየው በቋንቋው ብቻ ነው። ሁለቱም ሰውን በሥራው ሳይሆን በተለጠፈበት ስም ለክተው መሬት የሚነሡ ናቸው።

መልካሙንም ልናገር። በዚያው በአማራ ክልል ከጥቂት ዓመታት በኋላ የይዞታ ደብተር ሲሰጥ የባልና የሚስት ስም ጎን ለጎን ተጻፈ፤ ፎቶግራፋቸውም ተለጠፈ። ቀድሞ መዝገቡ የሚያውቀው የቤቱን አባወራ ብቻ ነበር። ሴትየዋ ባሏ ሲሞት ወይም ሲፈታት የምታሳየው ወረቀት አልነበራትም። አንዲት ፎቶግራፍ ስንቷን ሴት ከሜዳ መውደቅ አዳነች! መዝገብ እንደሚያገል ሁሉ መዝገብ እንደሚያድን ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም።

የሌላውም ወገን እውነት

አሁን ደግሞ ከመካከላችሁ የጉሙዝና የሺናሻ ወንድሞቼ ፊታችሁን ሳይ የምታስቡት ይገባኛል። «ይህ ጋዜጠኛ ከአዲስ አበባ መጥቶ ያችን የቀረችንን ቃል ሊወስድብን ነው ወይ?» ትላላችሁ። መጠየቃችሁ ተገቢ ነው።

ጉሙዝ በዚህ አገር ታሪክ ምን እንደደረሰበት አገር ያወቀው ፀሐይ የሞቀው ነው። ባርነት በነሐሴ 1934 ዓ.ም. በዐዋጅ እስኪሻር ድረስ ቆላው ሰው የሚታደንበት ጫካ ነበር። ዛሬ ልጠራው የማልፈልገው ስም በሰው ግንባር ላይ ተለጠፈ። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ደርግ ወደ 80 ሺህ የሚጠጋ ረሃብተኛ ወደ ጣና በለስ ሲያመጣ፣ በመሬቱ ላይ የሚኖረውን ጉሙዝ ማንም አልጠየቀውም። ከሰፋሪው ብዙው በበሽታና በረሃብ አለቀ፤ ጉሙዙም አደኑን፣ ማሩንና ተዘዋውሮ የሚያርሰውን መሬት አጣ። ሁለት ድሆችን አንድ መንግሥት አጋጫቸው። ከዚያም በኋላ ለባለሀብት ተብሎ ሰፊ መሬት በወረቀት ተሰጠ፤ በዚያ ላይ የሚኖረው ሰው ወረቀት ስላልነበረው ማንም አላየውም።

ስለዚህ «ባለቤት» የሚለው ቃል ከሰማይ አልወረደም። ከቁስል ወጣ። ይህን የማይቀበል ሰው ስለ እኩልነት ሊያወራ አይገባውም።

ግን እስቲ እንጠያየቅ። ይህ ቃል ከተጻፈ ወዲህ ጉሙዝን ከምን አዳነው? ከባለሀብቱ አዳነው ወይ? ከድህነቱ አወጣው ወይ? በ2011 ዓ.ም. በዳንጉር ግጭት ተነሥቶ ወደ ጃዊ ሲሻገር፣ በጃዊ የነበሩ ጉሙዞች አለቁ። በጃዊ ደግሞ «ባለቤት» ሌላው ነበር፤ ጉሙዙ «ነዋሪ» ሆነ። ዛሬ እዚህ የሚጠብቅህ ቃል ወንዝ ስትሻገር ያርድሃል! ይህን ነው እንድታስቡልኝ የምፈልገው።

ቃሉ በሌላው ላይ የሠራውንም እናውቃለን። በ2004 ዓ.ም. በደቡብ ክልል ከጉራ ፈርዳ ሰዎች ተባረሩ። በ2005 ዓ.ም. ከዚሁ ክልል ከካማሺ ዞን በሺዎች የሚቆጠሩ ገበሬዎች ከነልጆቻቸው ተባረሩ፤ በኋላ ባለሥልጣናት ስሕተት ነው ብለው አመኑ፣ ተመለሱ ተባሉ። ስሕተት ነው የተባለው ግን ሰው ከተጫነ በኋላ ነው። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በጎረቤታችሁ በቡለን ወረዳ፣ በበኩጂ ቀበሌ፣ በአንድ ንጋት ከ100 በላይ ሰው ተገደለ። ሟቹ ውስጥ አማራም፣ ኦሮሞም፣ ሺናሻም ነበረ። ልብ አድርጉ፤ ሺናሻ በሕጉ «ባለቤት» ነው። ቃሉ እሱንም አላዳነውም።

ስም የሌለበት መሬት

አሁን ወደ ጓዳችን እንግባ። በሲያትል ችግሩ በሰነዱ ላይ የተጻፈው ነው። በኛ አካባቢ ትልቁ ችግር በሰነዱ ላይ ያልተጻፈው ነው።

በመተከል እንዴት እንደሚታረስ ታውቃላችሁ። መሬቱን በስሙ የያዘ ሰው አለ። አራሹ ሌላ ነው። በእኩል ወይም በሲሶ ያርሳል፤ ወይም በገንዘብ ይከራያል። ውሉ በቃል ነው፤ ምስክሩ አንድ ሽማግሌና አንድ ጀበና ቡና ነው። ሰላም በሆነ ጊዜ ይህ ይበቃል። ዘሩ ይዘራል፣ ሰሊጡ ይታጨዳል፣ ይካፈላሉ። ግጭት ሲነሣ ግን አራሹ «ይህን ያረስኩት እኔ ነኝ» የሚልበት ወረቀት የለውም። ባለመሬቱም «አከራየሁ እንጂ አልሸጥኩም» የሚልበት የለውም። ሁለቱም በአፍ ብቻ ይቀራሉ። አፍ ደግሞ በክላሽ ይዘጋል።

በመንገድ ላይ ያገኘኋቸው አንድ አባት እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ሠላሳ ዓመት አርሻለሁ። በሬዬን ቀበሌው ያውቀዋል፣ ይመዘግበዋል። እኔን አያውቀኝም።» በሬው ተመዝግቧል፤ ለግብር ይፈለጋልና። ሰውየው ግን የትም አልተጻፈም።

ከ2003 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ በፊንላንድ መንግሥት ድጋፍ በአማራና በቤንሻንጉል ጉሙዝ ክልሎች መሬት በካርታ የመመዝገብ ሥራ ሲሠራ ቆይቷል። መልካም ሥራ ነው። ግን መዝጋቢው መዝገቡን የሚሞላው «ያዡ ማን ነው?» ብሎ ጠይቆ ነው። «አራሹስ?» ብሎ ካልጠየቀ፣ «የጋራው የጉሙዝ ጫካና ግጦሽስ?» ብሎ ካልጠየቀ አዲሱ ካርታ የድሮውን ማግለል በኮምፒዩተር ያጸናዋል። ካርታ እንደ መስታወት አይደለም፤ ያላሳየውን ነገር የሌለ ያደርገዋል።

ምን ይደረግ?

ንግግር ብቻ አድርጌ እንዳልሄድ አራት ነገር ላስቀምጥ።

አንደኛ፣ «ባለቤት» የሚለው ቃል ካለበት ሕግ፣ መመሪያና ቅጽ ሁሉ ይውጣ። በምትኩ ጥበቃው ይጻፍ። የበርታ፣ የጉሙዝ፣ የሺናሻ፣ የማኦና የኮሞ ቋንቋ፣ ባህል፣ የጋራ መሬትና በምክር ቤት የሚኖራቸው ድምፅ በግልጽ፣ በቁጥርና በአንቀጽ ይጠበቅ። ጥበቃ ሌላ፣ ባለቤትነት ሌላ ነው። ለደካማ ወንድምህ ምርኩዝ መስጠት ተገቢ ነው፤ ሌላው ወንድምህ ከቤት ይውጣ ማለት ግን አይደለም።

ሁለተኛ፣ ከመሬትና ከቤት ቅጾች ላይ «ብሔር» የሚለው መስመር ይነሣ። መሬት ለመመዝገብ የሚያስፈልገው ስም፣ ፎቶግራፍ፣ ወሰንና ስፋት ነው። የአያቱ ቋንቋ ለወሰን ድንጋይ ምን ያደርግለታል? አዲስ አበባ በአዲሱ መታወቂያዋ ላይ ይህን መስመር ትታለች። ፋይዳ የተባለው ብሔራዊ መታወቂያም ብሔር አይጠይቅም። ለመታወቂያ ካላስፈለገ ለማሳ ለምን ያስፈልጋል?

ሦስተኛ፣ የኪራይና የእኩል ውል በጽሑፍ ይሁን፤ በቀበሌ ይመዝገብ፤ ቅጂው ለሁለቱም ይሰጥ። ይህ ባለመሬቱንም ይጠብቀዋል። ጉሙዙ መሬቱ በኪራይ ስም እንዳይወሰድበት፣ አራሹም በአንድ ሌሊት እንዳይባረር ያደርጋል። አንድ ወረቀት ሁለት ሰው ያስተኛል።

አራተኛ፣ የድሮውን መዝገብ አታቃጥሉት! ይህን አጥብቄ እናገራለሁ። አንዳንዱ ክፉውን ጽሑፍ ቀድዶ መጣል ይፈልጋል። የሚያቃጥለው ሰው ማስረጃውንም ያቃጥላል። «ቢሮክራት» ተብሎ መሬቱ የተቀነሰበት ገበሬ ልጅ ነገ ካሣ ቢጠይቅ ምን ያሳያል? በዋሽንግተን ስቴትም ያደረጉት ገደቡን ከሥራ አውጥተው መዝገቡን ለታሪክ ማስቀመጥ ነው። ኃይሉን ሰርዙ፣ ትዝታውን አስቀምጡ።

«ይህን ማን ያደርጋል?» ትሉ ይሆናል። የክልሉ ምክር ቤት አለ። ሕገ መንግሥታዊ አቤቱታ የሚቀርብበት አጣሪ ጉባኤ አለ፤ የአሶሳዎቹ በዚያ በር ገብተዋል። ከሁሉ በፊት ግን እናንተ አላችሁ። ከሺናሻ አንድ፣ ከጉሙዝ አንድ፣ ከኦሮሞ አንድ፣ ከአማራ አንድ፣ ከአገው አንድ ሽማግሌ በአንድ ወረቀት ላይ የፈረሙበትን አቤቱታ «የነፍጠኛ ነው» ወይም «የጠባብ ነው» ብሎ የሚጥለው ባለሥልጣን ማን ነው? ብቻህን ስትጮኽ ስም ይሰጥሃል። አብራችሁ ስትጮኹ ስም ያጥራቸዋል!

የማን ግድብ?

አንድ ነገር ጨምሬ ልጨርስ። ከዚህ ብዙ ሳይርቅ፣ በዚሁ በመተከል፣ በጉባ፣ የዓባይ ግድብ ቆሟል። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጀምሮ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ለዚያ ግድብ የወላይታ መምህር ከደመወዙ አዋጣ። የሐረር ነጋዴ ቦንድ ገዛ። የደብረ ዘይት ሊስትሮም፣ የዚህችም የዚያችም፣ ከኪሱ አወጣ። ቦንዱን ሲሸጥለት ማንም «ብሔርህ ምንድን ነው?» አላለውም። ብር ሲዋጣ ሁላችንም ባለቤት ነበርን።

ታዲያ በግድቡ ባለቤት የሆነ ሰው በግድቡ ዳርቻ ባለው ማሳ ላይ እንዴት እንግዳ ይሆናል? ጉሙዙስ መሬቱ በውኃ ተይዞበት ሲነሣ «ባለቤት» የሚለው ቃል ምን ሰጠው?

ይህን ጥያቄ እዚህ ደብረ ዘይት ላይ ትቼው እሄዳለሁ። መልሱ ከኔ አይደለም፣ ከአዲስ አበባም አይደለም። መልሱ ነገ ጠዋት የቀበሌው ጸሐፊ መዝገቡን ሲገልጥ ከፊቱ ከሚቆመው ሰው ነው። ያ ሰው ብቻውን እንዳይቆም አብራችሁት ቁሙ።